ለእናቴ ፎቶ ራም ፍለጋ

እንጅባራ ላይ ፎቶ ቤት በነበረኝ ዓመታት ከደንበኛም ከአከራይም ይልቅ አብዝቼ የተጣላሁት ከኮምፒውተሬ ጋር ነው። ከሌላ ሰው እጅ የገዛሁት፣ ጎኑ የተፋፋቀ ጥቁር ሣጥን ነበር። ጉርድ ፎቶ ለመቁረጥ፣ ከተማሪ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነጭ ለማድረግ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ ለመጻፍ አይከፋም። ትልቅ ፎቶ ሲከፈትበት ግን ልግመኛ ይሆናል። በማውዙ የፎቶ ማስተካከያውን ብሩሽ ይዤ አንድ መስመር እስባለሁ፤ መስመሩ አይታይም። ትንሿ ክብ ምልክት መሽከርከር ትጀምራለች። ተነሥቼ በር ላይ እቆማለሁ፣ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሰላም እባባላለሁ፣ ባጃጆቹ ጭቃውን ሲረጩ አይቼ እመለሳለሁ። መስመሩ ያን ጊዜ ብቅ ብሎ ይጠብቀኛል፤ ያውም ካሰብሁት ቦታ ፈንጠር ብሎ።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሣጥኑን በመዳፌ የመታሁበት ቀን ብዙ ነው። ሰው ፊት ስለማፍር፣ ደንበኛ ሲኖር «ትንሽ እያሰበ ነው» እላለሁ፤ ደንበኛው ሲወጣ እሰድበዋለሁ። እንጅባራ ብርድ ነው፣ ዝናቡም ቶሎ አይነሣም፤ ጣቶቼ ማውዙ ላይ ደንዝዘው በክቧ ምልክት ላይ ሳፈጥ የምውልበት ጊዜ ነበር። እንዲያም ሆኖ የዕለት ጉርሴን ስላላጓደለብኝ ከዚህ በላይ አላሰብሁበትም። ያሳሰበኝ የአባቴ ዓይን ነው።

አባቴ ዳንግላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው መጀመሪያ መብራቱን ወቀሱ፣ ቀጥለው ክሩን፣ ከዚያ «የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳ የለውም» ብለው መርፌ የሚሠሩትን ሰዎች። ባሕር ዳር ወስጄ አስመረመርኋቸው። ሐኪሙ የሄደው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም ቀስ በቀስ እንደሚሄድ፣ ያዘዘላቸው ጠብታ የሚያዘገይ እንጂ የሚያድን እንዳልሆነ ነገረን። አባቴ አመስግነው ወጡ። ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዳንግላ ደረስን። ልንወርድ ስንል እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«የእናትሽን ፎቶ አጉይልኝ» አሉ። «ጨርሶ ሳይጠፋብኝ ፊቷን አንድ ጊዜ አጥርቼ ልየው።»

እናቴ የሞተችው እኔ ካሜራ ከመያዜ በፊት ነው። በየቀኑ የሰውን ሁሉ እናት የማነሣ ሰው፣ የራሴን እናት አንድም ጊዜ አላነሣኋትም፤ ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ያለን ፎቶ አንድ ብቻ ነበር። አዘና አካባቢ በተደረገ የዘመድ ሠርግ ላይ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው የተነሡት፣ መዳፍ የማይሞላ ፎቶ ነው። እናቴ መካከል ላይ ናት፤ ነጠላዋ ወደ ትከሻዋ ወርዷል፤ ፀሐዩ በርትቶባት ዓይኗን ጨፈን አድርጋለች። ጣሪያ አፍስሶ ውኃ ገብቶበታል፣ ታጥፎም ኖሯል፤ አንዱ እጥፋት ጉንጯን ለሁለት ከፍሎታል። «በአንድ ሳምንት አደርሰዋለሁ» ብያቸው ፎቶውን መጽሐፍ መሐል ሸጉጬ ወደ እንጅባራ ተመለስሁ።

ትንሽ ፎቶ ሲጎላ እንዳይደበዝዝ፣ ስካነሩ በሚችለው ከፍተኛ ልክ ነው የሚገለበጠው። እንደዚያ አደረግሁ። ውጤቱ ያ ሣጥን ተሸክሞ የማያውቀው ከባድ ፋይል ሆነ። እስኪከፈት ድረስ ብቻ ብዙ ቆየ። ከዚያ እጥፋቱን ለመድፈን፣ ከጎኑ ካለው ጤነኛ ቦታ ትንሽ ትንሽ እየወሰድሁ መለጠፍ ጀመርሁ። በእያንዳንዱ ልጥፍ ክቧ ምልክት ትሽከረከራለች። አንዳንዴም ጭራሽ ስታክ ያደርጋል። ሴቭ ላድርገው ስል ሴቭ ማድረጉ ራሱ ዕድሜ ይፈጃል፤ ያን ስጠባበቅ ደግሞ መብራት ይሄዳል። የእናቴን ጉንጭ ግማሹን ደፍኜ መብራት ሄዶ ሥራውን ያጠፋብኝ ቀን፣ ሱቄን ዘግቼ ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ።

አነስ ባለ ልክ ስካን አድርጌ ሞከርሁ። ሥራው ቀለለ፣ ሲጎላ ግን የእናቴ ፊት ጭጋግ ሆነ። ከዚያ አንድ ብልሃት የመጣልኝ መሰለኝ። የልብስ ሰፊ ልጅ አይደለሁ? ፎቶውን አራት ቦታ ቆርጬ እያንዳንዱን ለብቻው ጠግኜ በመጨረሻ ልሰፋው አሰብሁ። ቁራጮቹ ቀላል ስለነበሩ ሣጥኑ ሳያጉረመርም ሠራቸው፣ እኔም ራሴን አደነቅሁ። ስገጣጥማቸው ግን አንዱ ቁራጭ ጠቆር፣ አንዱ ፈካ ብሎ ወጣ። መጋጠሚያው በእናቴ አፍንጫ ላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ከሁለት ሴቶች የተሠራች አስመሰላት። አጠፋሁትና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁ።

የተባለው ሳምንት አለፈ፣ ወሩም ተከተለ። በመሐል ጥር መጣና ሠርገኛውም፣ ለፈረሰኞች በዓል ፈረሱን ሸልሞ መነሣት የሚፈልገው ፈረሰኛም ከየአቅጣጫው ጎረፈብኝ። አባቴ «ደረሰ ወይ?» ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ኔትወርክ ሲገኝ ይደውሉና ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ እንደ ዘበት «ዛሬ የሜትሩ ቁጥር አልታይ አለኝ» ይላሉ። ሌላ ቀን ደግሞ «መቀሱን ከጠረጴዛው መለየት አቃተኝ፤ በዳበሳ ነው ያገኘሁት» ይላሉ። እኔ ስልኩን ዘግቼ ኮምፒውተሩን አያለሁ። አባቴ የሚያዩት ነገር በየዕለቱ እየቀነሰ ነው፤ ያ ሣጥን ደግሞ አይቸኩልም።

መጀመሪያ ያማከርሁት ጎረቤቴን ነው። ፊልምና ዘፈን በፍላሽ የሚጭን፣ ኮምፒውተር የተባለ ሁሉ ከእሱ ፈቃድ ውጭ የማይሠራ የሚመስለው ጎልማሳ ነበር። ነገሬን ሳልጨርስ «ፎርማት ይደረግ» አለ። በዚያን ጊዜ በእኛ ከተማ የኮምፒውተር መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ቢዘገይም ፎርማት፣ ድምፁ ቢጠፋም ፎርማት፣ ቫይረስ ቢገባውም ፎርማት። ፎቶዎቼን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ አሸሸሁና ፎርማት ተደረገ። ለጥቂት ቀን ደህና ሆነ። የእናቴን ፎቶ ስከፍትበት ወደ ቀድሞ ጠባዩ ተመለሰ።

«እንግዲያው ግራፊክስ ካርድ ነው» አለ ጎረቤቴ፣ ምንም ሳያፍር። «የሚዘገየው ሥዕል ነው አይደል? ሥዕል የሚያወጣው ካርዱ ነው።»

አባባሉ ልክ መሰለኝ። የራሱን ነቅሎ ለሙከራ ሰካልኝ። እውነቱን ለመናገር የኳስ ጌሙ አማረ፤ የተጫዋቾቹ ላብ ሳይቀር ይታይ ጀመር፤ ጎረቤቴም ልፈትሸው ብሎ ሲጫወት አረፈደ። የእኔ ብሩሽ ግን በዚያው በድሮ እርምጃው ነው።

«ካርዱ እኮ ይሠራል» አለኝ ሲነቅለው።

«አዎ፣ ላንተ» አልሁት።

ከዚያ በኋላ ሰው መጠየቅ ትቼ ራሴ ላየው ወሰንሁ። አንድ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ የእናቴን ፎቶ ከፈትሁና፣ የኮምፒውተሩ የትኛው ክፍል ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን መስኮት ጎኑ ላይ ዘረጋሁ። ከዚያ ጉንጯ ላይ አንድ ልጥፍ አደረግሁ። ፕሮሰሰሩ ትንሽ ብድግ ብሎ ተመልሶ ተኛ። የራሙ መስመር ግን ፎቶው ከተከፈተ ጀምሮ እየወጣ ሄዶ ጣሪያውን ነክቶ እዚያው ቀረ። የሃርድ ዲስኩ ቀይ መብራት ያለ ዕረፍት ይበራል፤ ውስጡም ጭርር ጭርር ይላል። ያን ድምፅ ስሰማው ኖሬ ምን እያለኝ እንደሆነ አልጠየቅሁም ነበር።

የገባኝ እንዲህ ነው። ራም የኮምፒውተሩ የሥራ ጠረጴዛ፣ ሃርድ ዲስኩ ደግሞ መደርደሪያው ነው። አባቴ ጨርቁን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ይቆርጣሉ። ጠረጴዛው ቢጠባቸው ግማሹን ጨርቅ ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ፣ የዘረጉትን ሲቆርጡ ደግሞ እሱን አንሥተው ያኛውን ማውረድ ይኖርባቸዋል። የእኔም ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ የሚለፋው በዚህ ነበር፤ የእናቴን ፎቶ ከጠረጴዛ ወደ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያ ወደ ጠረጴዛ። የሚቆርጠው እጅማ ሥራ ፈትቶ ቆሟል።

አቅሜ የሚፈቅደው አንድ ነገር ብቻ መግዛት ነው። ፈጣን ስለሚባለው ስለ አዲሱ ዓይነት ሃርድ ዲስክ ወሬው ደርሶን ነበር፤ ጎረቤቴም ካርዱ ካሳፈረው ወዲህ እሱን ነበር የሚያወድሰው። እሱ ቢገባ መደርደሪያው ይቀርባል፣ ጠረጴዛው ግን ያው ጠባብ ነው። ራም ይሁን አልሁ። ብሳሳት ሌላ እስክገዛ ድረስ የአባቴ ዓይን አይቆይም፤ ይህን እያወቅሁ ነው ባሕር ዳር ለመሄድ የተነሣሁት። ሣጥኑን ከፍቼ የነበረውን ራም ነቀልሁና በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። የራም ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ከታች በኩል ያለችው ስንጥቅ ቦታዋ ትንሽ ከተዛነፈ አይገባም። ስሙን በቃል ይዞ ከመሄድ ዕቃውን ይዞ መሄድ ይሻላል።

ባሕር ዳር ሻጩ የእኔን ከራሱ ጋር አስተያይቶ የሚስማማውን አወጣልኝ፤ ከነበረኝ በአራት እጥፍ የሚበልጥ። ልወጣ ስል «ዊንዶውሽ ስንት ቢት ነው?» አለኝ። አላውቅም። ሠላሳ ሁለት ከሆነ ከአራት ጊጋ በላይ ያለውን እንደማያየው፣ ስልሳ አራት መጫን እንዳለብኝ አስረዳኝና ሲዲውን ቀዳልኝ። በኋላ ሳየው የእኔ ሠላሳ ሁለት ነበር፤ አሮጌው ዊንዶው ላይ ብሰካው ኖሮ ግማሹ ያለ ሥራ ተቀምጦ እኔ ደግሞ ሌላ ጥፋተኛ ስፈልግ እከርም ነበር። ተመልሼ ለጎረቤቴ አዲስ ዊንዶው መጫን እንዳለበት ስነግረው ፊቱ በራ።

«እኔ መጀመሪያውኑ ፎርማት አላልሁሽም?» አለ።

ወንበሬን ለቀቅሁለት። ፎርማት አደረገው።

ሁሉም ተጭኖ የእናቴን ፎቶ ስከፍት ክቧ ምልክት አንዴ ዞር ብላ ጠፋች። ብሩሹን ሳብሁ፤ መስመሩ ከእጄ ጋር እኩል ሄደ። ደግሜ ሳብሁ። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጠዋት የጀመርሁትን እጥፋት ለምሳ ሳልወጣ ደፈንሁት። የውኃውን እድፍ አነሣሁ። ከጎኗ የተቀመጡትን ሴቶች አውጥቼ ከጀርባዋ ግራጫ መጋረጃ አደረግሁላት። አሁን ጠረጴዛው ሰፊ ስለሆነ እያንዳንዱን ጥገና በየራሱ ሌየር፣ እንደ ስስ ንጣፍ አንዱን ከአንዱ በላይ አድርጌ፣ ከሥር ያለውን ፎቶ ሳልነካ ነው የሠራሁት። ሥራ እንዲህ ሲቀልል እጅ አያቆምም። ከዓይኗ በታች ያለውን ጥላ አነሣሁ፣ ግንባሯን አለሰለስሁ፣ ቆዳዋን አጠራሁ።

በእኛ ሥራ ያልተጻፈ ልማድ አለ። ፎቶ ቤት የመጣ ፊት ሁሉ ይጠራል፤ እንዳለ ከተሰጠው ደንበኛው «ምኑን ሠራሽው?» ይላል። የእናቶቻቸውን ፎቶ ለማስጎላት የሚያመጡ ልጆች ደግሞ ከጥሊሊም ይምጡ ከዳንግላ፣ የሚሉት አንድ ነገር አላቸው። «የአንገቷን ንቅሳት አጥፊልኝ» ይላሉ። የባላገር ምልክት ነው ብለው ያፍሩበታል። ስንቱን አንገት እንዳጠራሁ አላውቅም፤ እጄ ለምዶት ሳልታዘዝም እሠራዋለሁ። የእናቴንም አንገት ሳላስበው አጠራሁት። ስጨርስ ከወንበሬ ራቅ ብዬ አየኋትና ኮራሁ።

አትሜ በቀርከሃ ፍሬም አስገባሁትና ሚኒባስ ተሳፈርሁ። በአዲስ ቅዳም በኩል መንገዱን ተከትሎ የተደረደረውን የከሰል ጆንያ እያየሁ፣ ፍሬሙን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ የሚገፋኝን ሰው ሁሉ እየገላመጥሁ ዳንግላ ደረስሁ። አባቴ ቤት ውስጥ የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይዟል። እሳቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል።

«ደረሰ፣ አባ» አልሁ።

«ወዲህ አምጭው።»

ወደ ብርሃኑ ዞረው አቀረቡት፣ አራቁት፣ ዘንበል አደረጉት።

«ቆንጆ ሴት ናት» አሉ በመጨረሻ። «የማን ናት?»

«እናቴ ናት እኮ፣ አባ።»

«አይደለችም» አሉ፣ ሳይቆጡ። «አንገቷ ባዶ ነው። የእናትሽ አንገት ባዶ ሆኖ አያውቅም።»

«ፊቷስ? ፊቷን አያዩትም?»

ፎቶውን ጭናቸው ላይ አስተኙት። «ፊት ከጠፋኝ ቆይቷል፣ ልጄ። ያንችም አይታየኝ፤ ስትመጭ በእርምጃሽ ነው የማውቅሽ። ጠቆር ያለ መስመር፣ ጎላ ያለ ነገር ብቻ ነው የምለይ፤ እሱም ከተጠጋኝ ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንች ከዚያ ኮምፒውተር ጋር እንዲያ ስትለፊ ምን ብየ ልንገርሽ?»

ዘግይቻለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ስሽቀዳደም አባቴ መሸነፌን ደብቀውኝ ኖረዋል። በእሳቸው ተናደድሁ፣ በሐኪሙ ተናደድሁ፣ በሣጥኑ ላይ ደግሞ የነበረኝ ንዴት እንደ አዲስ ተነሣ። ሚኒባሱ ወደ እንጅባራ ሲመልሰኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነበር የተቀመጥሁት።

በማግሥቱ ፋይሉን ከፈትሁና አንገቷ ላይ ያለውን ሌየር አጠፋሁት። ንቅሳቱ ተመልሶ መጣ፤ አንገቷን የከበቡ ሦስት ጥቁር መስመሮች፣ ከታችኛው ሥር የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች። በሕይወቷ ሳለች በየቀኑ አየው ነበር፤ ልብ ብዬ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ፊቷን ተውሁት። ከአገጯ በታች ያለውን ብቻ ቆርጬ ወረቀቱን እስኪሞላ ድረስ አጎላሁት፣ ጥቁሩን አጠቆርሁት፣ ነጩን አነጣሁት። ያን ያህል ሲጎላ ፋይሉ የባሰ ከበደ፤ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አላለም። መካከለኛው መስመር አንድ ቦታ ላይ ተሰብሮ ወደ ላይ ወጣ ይላል። የእጥፋቱ ትራፊ መስሎኝ ላቃናው ብሩሹን አስጠጋሁ። ከዚያ እጄን አላመንሁትምና ተውሁት።

ዳንግላ ስደርስ አባቴ ወረቀቱን እስከ አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። ቀስ ብለው ወደ ግራ ወሰዱት፣ ወደ ቀኝ መለሱት፤ የቀረቻቸው ብርሃን ያለችበትን ቦታ እየፈለጉለት ነው። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። የግራ እጃቸውን ጣት መስመሩ ላይ አሳርፈው መጓዝ ጀመሩ። የተሰበረው ቦታ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ፣ ትከሻቸውም መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥሁ። እየሳቁ ነበር።

«እዚህ ላይ ነቃሿ አስነጠሰች» አሉ። «እናትሽ ያኔ ልጅ ናት። በሳቅ ፈረሰች። መስመሩም ሸሸ። እናቷ ስትቆጣት ጭራሽ ሳቋ አልቆም አለ፤ ሦስተኛውን መስመር ሁለት ሴት ይዘዋት ነው የተነቀሰችው።» እናቴ በተጋቡ ሰሞን እንዴት አድርጋ እንደነገረቻቸው በአዊኛ፣ በእሷ አነጋገር ደገሙልኝ። ያልገባኝን ወደ አማርኛ መለሱልኝ። «ስትቆጣኝ ይችን አይ ነበር» አሉ። «ከዚያ ቁጣዋን የት ላምነው?»

እኔ የማውቃት እናቴ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ናት፣ ፊቷም ኮስተር ያለ ነው። በሳቅ የፈረሰች ልጅ እንደነበረች የነገረኝ ሰው አልነበረም።

«አባ፣ ከፈለጉ ፊቷንም እንደዚህ አጥቁሬ፣ አጉልቼ ልሞክረው» አልሁ በኋላ። «አሁን ኮምፒውተሩ ይችላል።»

ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አላነሡም።

«ተይው» አሉ። «አንገቷን ካገኘሁ፣ ከዚህ ወደ ላይ ያለውን እኔ አውቀዋለሁ።»